«ማነው?» ማለትን ማስተማር

(ይህ ጽሑፍ በድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ለተማሪ ወላጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ፤ ከአድማጮች የተነሱትን ጥያቄዎችም በየቦታቸው አስገብቻለሁ።)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወላጅ ወክላችሁ የመጣችሁ አያቶች፣ ታላላቅ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አደራችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ገበያውንና የቤቱን ሥራ ትታችሁ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ በሰዓቱ ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ። የአይሲቲ መምህር ነኝ፤ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያሉ ልጆችን ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ዛሬ ግን ወደ ስልክና ወደ ኮምፒውተር ከመግባቴ በፊት ስለ ግቢ በር ጥቂት ልናገር።

በር ሲንኳኳ ልጆቻችን ሮጠው መቀርቀሪያውን አይስቡም፤ ከውስጥ ሆነው «ማነው?» ይላሉ። በእኛ አገር ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ደግሞ ያው አንድ ነው። ጎረቤትም ይሁን አጎት፣ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣም ይሁን መንገድ የጠፋበት ሰው፣ ሁሉም «እኔ ነኝ» ይላል። የአምስት ዓመት ሕፃን ግን በዚህ መልስ አይሸወድም፤ ድምፁን ለይቶ ያውቀዋል፣ ካላወቀው በበሩ ስንጥቅ አጮልቆ ያያል፣ አሁንም ካላማረው «እማዬ፣ የማላውቀው ሰውዬ መጥቷል» ብሎ ይጣራል። ይህን ሁሉ በክፍል ውስጥ ያስተማረው የለም፤ ከእኛ ጋር በር ሲከፍትና ሲዘጋ አድጎ የለመደው ነው።

በስልክ የሚያንኳኳውም ሰው «እኔ ነኝ» ይላል። ነገር ግን ድምፁ አይሰማም፣ የሚታየው ፎቶ የራሱ ላይሆን ይችላል፣ አጮልቀው የሚያዩበት ስንጥቅም የለም። ዛሬ ላስረዳ የመጣሁት ይህንኑ ነው፤ ትንሽ ልጅ በኢንተርኔት ላይ በሩን ከመክፈቱ በፊት «ማነው?» ብሎ እንዲጠይቅ፣ መልሱ ካላማረው ደግሞ ምንም ሳይፈራ እኛን እንዲጠራ ማስለመድ ይቻላል። ከሁለቱ የሚከብደው መጣራቱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜዬንም የማጠፋው በእሱ ላይ ነው።

ስልክ በልጆቻችን እጅ እንዴት እንደገባ አትረሱትም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ብዙ መምህራን የቤት ሥራውንና ማስታወሻውን በቴሌግራም ግሩፕ መላክ ጀመርን፤ እስከዚያ ቀን ስልክ እንዳይነካ ይከለከል የነበረ ልጅም «የቤት ሥራ ነው» ብሎ የአባቱን ስልክ በሕጋዊ መንገድ ተረከበ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ስልኩ አልተመለሰም። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የኔትወርክ አገልግሎቱን በሙከራ ደረጃ የጀመረው ከሌላ ከተማ ሁሉ አስቀድሞ በእኛው በድሬዳዋ ነበር፤ በየቤቱ ሁለተኛ ሲም ካርድ፣ በሁለተኛው ሲም ካርድ ሰበብ ሁለተኛ ስልክ ገባ፤ አሮጌው ስልክም ስክሪኑ እንደተሰነጠቀ ለልጁ ወረደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የአገራችን የስልክ ታሪክ የሚጀምረው ከዚሁ ከምሥራቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1894 ገደማ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሥራው የተጀመረው የመጀመሪያው የስልክና የቴሌግራም መስመር ከሐረር አዲስ አበባ ድረስ 477 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። እንደሚነገረው፣ በሽቦ የሚመጣውን ድምፅ ሰምተው የሰይጣን ሥራ ነው ያሉ ሰዎች ነበሩ። ዛሬም «ስልክ ልጆቻችንን አጠፋብን» የሚል ወላጅ ሲመጣ ይቺ ወሬ ትዝ ትለኛለች። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ክፍልፋይ አልገባ ብሎት ዓመቱን ሙሉ የተቸገረ ተማሪዬ በስልክ ባየው የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ ሲገባው በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ የማወራው ስልክን ከቤት ስለማስወጣት አይደለም።

የድሬን ከሰዓት ሁላችንም እናውቀዋለን። ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ፀሐይዋ ሰው አታስወጣም፤ ትልልቁ ሰው ገሚሱ ጋደም ይላል፣ ገሚሱ በርጫ ላይ ይቀመጣል፤ ልጁ እንዳይረብሽ ደግሞ ስልክ ይሰጠዋል። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ነገር ግን የልጁን ዝምታ እንደ ደህንነት አንቁጠረው። ደቻቱን አስቡት፤ አሸዋው ደርቆ ልጆች ኳስ ሲጫወቱበት የሚውል ወንዝ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መገባደጃ ላይ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን የወሰደው ጎርፍ በዋናነት ከላይ ከደጋው የዘነበ ዝናብ ያመጣው ነበር፤ እዚህ ታች ተኝቶ የነበረ ሰው ከየት ሊያውቀው ይችል ነበር? ልጁም ምንጣፉ ላይ፣ ከእኛ ሁለት ክንድ ርቀት ተቀምጦ፣ ዝናቡ የሚዘንበው ሌላ ቦታ ነው።

አደጋዎቹን ሁሉ ልዘርዝር ብል ምሳ ይደርስብናል፤ ገንዘብንና አካውንትን የሚመለከተውን ቶሎ ልለፈው። ፍሪ ፋየር የሚባለውን የስልክ ጌም የሚጫወት ልጅ «ዳይመንድ በነፃ» (ዳይመንድ የጌሙ መገበያያ ነው) የሚል ሊንክ ይደርሰዋል፤ ሊንኩ ፓስወርድ ይጠይቀዋል፤ ልጁ ይሰጣል፤ ስንት ወር የደከመበት አካውንት በደቂቃ ይሄዳል። የእኛን ስልክ ይዞ ሲጫወት የሚመጣው ደግሞ «ልጄ ውድድር ላይ ናት፣ በዚህ ሊንክ ገብታችሁ ድምፅ ስጡልኝ» የሚል መልእክት ነው፤ ያውም ከምናውቀው ሰው አካውንት። ሊንኩ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ቴሌግራም የላከውን ባለአምስት አሃዝ ኮድ ይጠይቃል፤ ኮዱ ከተሰጠ አካውንቱ የሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው፤ ያው መልእክት ዞሮ በእናንተ ስም ለአክስትና ለአጎት ይላካል። ለልጅ የሚነገረው አጭር ነው፤ በስልክ የመጣ ቁጥር «እኔ ነኝ» ላለ ሰው ሁሉ አይነገርም። የቴሌብርን የምስጢር ቁጥር በተመለከተ፣ ከትከሻችሁ በላይ ሲያያችሁ የኖረ ልጅ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ሸምድዶታልና ዛሬውኑ ቀይሩት።

ሁለተኛው ነገር ዕድሜ ነው። ቲክቶክም፣ ፌስቡክም፣ ኢንስታግራምም አካውንት ለመክፈት 13 ዓመት ይጠይቃሉ። ይህ ቁጥር የልጅ አእምሮ መብሰል ተለክቶ የተገኘ እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ አንድ የአሜሪካ ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ መሰብሰብን ስለከለከለ፣ ኩባንያዎቹ ከዚያ በታች ያለውን «አትግባ» ማለቱ ቀለላቸው። የእኛ ልጆች ታዲያ ይህን አጥር የሚዘሉበት መንገድ ያስቀኛል። አንድ የአሥር ዓመት ተማሪዬን የልደት ዓመቱን ሲሞላ ምን ብሎ እንደጻፈ ጠየቅሁት፤ «2007» አለኝ። አልዋሸም፤ የተወለደው በ2007 ዓ.ም. ነው። ስልኩ ግን በፈረንጆች 2007 አድርጎ ወሰደውና ልጁን በአንድ ጊዜ የ18 ዓመት ጎረምሳ አደረገው። ይህ ቀልድ ብቻ አይደለም። ቲክቶክ ከ16 ዓመት በታች ያለን ልጅ አካውንት ለእንግዳ ሰው ዝግ አድርጎ ይከፍተዋል፣ የግል መልእክት መላላክም አይፈቅድለትም፤ ዕድሜው 18 ተብሎ የተመዘገበ ልጅ ግን ከዚህ ሁሉ መከላከያ ውጭ ነው። የልጃችሁን አካውንት ስታዩ አስቀድማችሁ የልደት ዓመቱን ተመልከቱ፤ ሰባት ስምንት ዓመት በነፃ ተጨምሮለት ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ። የማነብላችሁ መልእክት ከአንድ ልጅ ስልክ የተወሰደ አይደለም፤ በተለያየ ጊዜ ያየሁትን አገጣጥሜ የጻፍኩት ነው። አንዲት የ11 ዓመት ልጅ የሥዕል ግሩፕ ውስጥ ገብታ ሥዕሏን ትለጥፋለች እንበል።

በመጀመሪያው ቀን «ሰላም፣ ስንተኛ ክፍል ነሽ?» የሚል ይመጣል። በማግስቱ «ሥዕልሽን አየሁት፣ በጣም ጎበዝ ነሽ፤ ያስተማረሽ ሰው አለ?»። በሦስተኛው ቀን «የ50 ብር ካርድ ሞልቼልሻለሁ፣ ተጫወቺበት»። ከሳምንት በኋላ «እዚህ ግሩፕ ላይ ሰው ይበዛል፣ በውስጥ መስመር እናውራ»። ቀጥሎ «አንቺ ከዕድሜሽ በላይ ነው የምታስቢው»። ከዚያ ደግሞ «ለእማዬ ግን እንዳትነግሪያት፣ ትቆጣሻለች»። ከዚህ ወዲያ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ፤ ፎቶ ይጠየቃል፣ ቀጥሎ ሌላ ዓይነት ፎቶ ይጠየቃል፣ የተላከው ፎቶም ማስፈራሪያ ይሆናል።

ከእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች የትኛው ነው አደገኛው ብዬ ብዙ ወላጆችን ጠይቄአለሁ። አብዛኛው ሰው «በውስጥ መስመር እናውራ» የሚለውን ያነሳል፤ አንዳንዱ ካርዱን ይጠቅሳል። ሁለቱም ምልክት ናቸው። እኔን የሚያስፈራኝ ግን «ትቆጣሻለች» የሚለው ቃል ነው፤ ምክንያቱም እውነት ነው። ሰውዬው እስካሁን ከጻፈው ሁሉ እውነት የሆነው እሱ ብቻ ነው። እናትየዋን አይቷት አያውቅም፤ የእናትን ቁጣ ግን ያውቃል፤ በዚያ ተማምኖ ነው በሩን የሚያንኳኳው። እኛ ባንቆጣ ኖሮ ይህ ዓረፍተ ነገር ምንም ዋጋ አይኖረውም ነበር።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ በራሴ ቤት ጥፋት ሠርቼ ነው የተማርኩት። ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አንድ ከሰዓት ካርቱን ሲያይ ቆይቶ፣ ቪዲዮው ራሱ በራሱ እየተከታተለ ሲከፈት ወደ ሌላ ነገር ወሰደውና ደም የሚታይበትን ነገር አየ። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ፊቱ ገርጥቶ፣ እኔ ወደ ተቀመጥኩበት መጣ። «ማን ክፈተው አለህ?» ብዬ ስልኩን ከእጁ መነጨቅሁት። አንድ ወር ሙሉ አልሰጠሁትም፤ ሥርዓት ያስያዝኩት መስሎኝ ነበር። ከአራት ወር በኋላ እናቱ እንደነገረችኝ፣ ያንን ወር ሙሉ ከጎረቤት ልጅ ጋር ደረጃ ሥር ተኮራምቶ ሲያይ ከርሟል፤ ሌሊት እየባነነ ሲነሳና «ምን ሆንክ?» ሲባል «ምንም» ይል ነበር። ልጁ ያን ዕለት የመጣው ሊነግረኝ እንደነበር፣ እኔ የቀጣሁትም ስላየው ሳይሆን ስለነገረኝ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። የቀጣሁት መንገር ከሆነ፣ መንገሩን ቢተው ምን ይገርማል?

ስለዚህ በቤታችን አንድ ደንብ አወጣን፤ «የነገረ አይቀጣም»። ልጁ የፈለገውን ያህል አስደንጋጭ ነገር ይዞ ቢመጣ፣ ከአፋችን የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል «እንኳን ነገርከኝ» ነው፤ በዚያን ዕለት ስልኩ አይወሰድም። ይህን ስናገር ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አውጥተው «ታዲያ ልጅ ያለ ቅጣት እንዴት ያድጋል፣ መምህር?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ስልክ የሚያዝበት ሰዓት ከተወሰነ በኋላ ሰዓቱን የጣሰ ልጅ ይቀጣ፤ ስልኩ ለሁለት ቀን ይቀመጥበት፤ አልቃወምም። መጥቶ የተናገረ ልጅ ግን በተናገረው ነገር አይቀጣ። ሁለቱን ለይተን ካላሳየነው ልጁ ራሱ ሊለያቸው አይችልም። እኚህ አባት ሙሉ በሙሉ የተስማሙ አልመሰለኝም፤ ቢሆንም አንገታቸውን ነቀነቁልኝ።

እንዴት ይማራል ለሚለው፣ ለትንሽ ልጅ ምክር በመደርደር አይሆንም። የአምስትና የስድስት ዓመት ልጅ በጨዋታ ነው የሚማረው። እኔ ክፍል ውስጥ የማደርገውን ላሳያችሁ። አንዱን ልጅ ከበሩ ውጭ አቆመዋለሁና አንኳኳ እለዋለሁ፤ ውስጥ ያሉት «ማነው?» ይላሉ፤ እሱ «እኔ ነኝ» ይላል፤ ይስቃሉ። ሁለተኛ ዙር ላይ ውጭ ያለው ልጅ ድምፁን ለውጦ «አጎትህ ነኝ፣ ከረሜላ ይዣለሁ» ይላል። ሦስተኛ ዙር ላይ ምንም ድምፅ አያሰማም፤ በበሩ ሥር በወረቀት ላይ የተሳለ የአንበሳ ሥዕል ብቻ ያስገባል። «ማን ነው የላከው?» ስላቸው ይጯጯሁና በመጨረሻ «አይታወቅም» ይላሉ። ያኔ ስልኬን አውጥቼ፣ የአንበሳ ሥዕል ፕሮፋይሉ ላይ ያደረገ አካውንት አሳያቸዋለሁ። ማብራሪያ አልጨምርበትም።

ስምንት ዓመት ካለፋቸው ጋር ስለ ምስጢር እናወራለን። ልጅ ምስጢር ይወዳል፤ «ምስጢር አትያዝ» ቢሉት አይሰማም። የማስተምራቸው ሁለት ዓይነት ምስጢር እንዳለ ነው። አንደኛው ቀን ያለው ምስጢር ነው፤ ለእማማ የልደት ስጦታ ገዝተናል፣ እሑድ ሲደርስ ይነገራል፣ ሁሉም ይስቃል። ሌላው ቀን የሌለው፣ «መቼም ለማንም» የሚባለው ነው፤ ይህን ትልቅ ሰው ለልጅ አይሰጠውም፤ ከሰጠው ያን ዕለት መነገር አለበት። ሁለተኛው የምነግራቸው ምልክት በገዛ ሰውነታቸው ውስጥ ያለ ነው። አማርኛችን ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለው፤ «ሆዴን ባር ባር አለኝ» እንላለን። ምክንያቱን መግለጽ የማይችል ልጅ እንኳ ሆዱን ባር ባር እንዳለው ያውቃል። «ሆድህን ባር ባር ካለህ ምክንያት ሳትፈልግ ና» በሉት። ልጃችሁ በቤት ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ የሚናገር ከሆነ፣ በዚያው ቋንቋ ይህን ስሜት የሚገልጸውን ቃል ፈልጉለት፤ ፍርሃት የሚነገረው አፍ በተፈታበት ቋንቋ ነው።

ቋንቋን ካነሳሁ አይቀር፣ የድሬ ልጅ ጠዋት በአማርኛ ተምሮ፣ በመንገድ ላይ በኦሮምኛ ተሳድቦ፣ ማታ በሶማልኛ የሚጫወት ልጅ ነው፤ አንዱን ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ አባት አጠገቡ ተቀምጦ እንኳ የሚሰማው ነገር ላይገባው ይችላል። ዩቲዩብ ላይ ለልጅ የማይሆነውን ለመቀነስ የሚረዳ ማጣሪያ በሴቲንግ ውስጥ አለ፤ አብሩት፤ ነገር ግን እንዲህ ያሉ ማጣሪያዎች በእኛ ቋንቋዎች የሚነገረውን እንደ እንግሊዝኛው አያውቁትም። የማጣሪያውን ጉድለት የሚሞላው ሶማልኛ የሚሰማ ጎረቤት ነው። በዚህ ከተማ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ጎረቤት የሌለው ቤት ያለ አይመስለኝም።

እስካሁን ስለ ልጆቹ አወራሁ፤ አሁን ወደ እኛ ልዙር። ሰኔ ሲያልቅ፣ ሰርተፍኬት በተሰጠ ማግስት፣ ፌስቡክና ቴሌግራም በሰርተፍኬት ፎቶ ይሞላል። ደስታው ይገባኛል፤ አንደኛ የወጣች ልጅ ይዞ ዝም ማለት ከባድ ነው። ግን ያንን ወረቀት በእንግዳ ሰው ዓይን አንብቡት፤ የልጅቷ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ዕድሜዋ፣ ክፍሏ፣ የትምህርት ቤቷ ስም፣ የክፍል ኃላፊዋ ስምና ፊርማ። ከጎኑ ደግሞ ልጅቷ በዩኒፎርም ቆማ ትስቃለች። ይህን ያነበበ ሰው ነገ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ በስሟ ጠርቶ «መምህርትሽ እንትና ልካኝ ነው» ቢላት «ማነው?» ለማለት ምን ምክንያት ይኖራታል? ደረጃዋን ጻፉ፣ ኬኩን አሳዩ፣ ወረቀቱ ግን በቤተሰብ ግሩፕ ይቅር። የምትኖሩበትን ሰፈር የሚያሳይ ፎቶ ስትልኩም፣ በቴሌግራም «እንደ ፋይል» የተላከ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ መረጃ በውስጡ ይዞ ሊሄድ እንደሚችል እወቁ።

ነገሩ ከተፈጸመስ? ልጅ ተታሎ ፎቶ ልኮ፣ ማስፈራሪያ ከመጣ፣ ብዙ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚደረገው ሁሉንም መሰረዝ ነው። ይህ ስህተት ነው። መልእክቱ፣ የአካውንቱ ስምና ቀኑ በስክሪንሾት ይያዝ፤ የልጁ ፎቶ ራሱ ግን ለማንም፣ ለዘመድም ለማሳየት ቢሆን፣ አይተላለፍ፤ ሰውዬው ገንዘብ ቢጠይቅ አይከፈል፣ የከፈለ ሰው ነገ ሁለተኛ ይጠየቃልና፤ ማስረጃው ከተያዘ በኋላ ብሎክ ይደረግ፤ ከዚያ ወደ ፖሊስ ይኬድ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አካለ መጠን ባላደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸምን ይህን መሰል ድርጊት ለይቶ ወንጀል አድርጎታል፤ እንዲህ ያለ ምስል ማዘጋጀትና ማሰራጨት ብቻ ሳይሆን ይዞ መገኘትም ያስጠይቃል፤ ልጅን በመልእክት ማባበልም እንዲሁ። ፎቶው እንዳይሰራጭ የሚረዳ «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎትም አለ፤ የሚያስተዳድረው የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተል የአሜሪካ ብሔራዊ ማዕከል ነው። ፎቶው ራሱ ወደ እነሱ አይሄድም፤ በስልካችሁ ላይ የፎቶው የጣት አሻራ የመሰለ ኮድ ተሠርቶ እሱ ብቻ ይላካል፤ ተሳታፊ የሆኑት መድረኮችም በዚያ ኮድ ፎቶውን ለይተው ያነሱታል። ሁሉም መድረኮች አልተሳተፉበትም፤ ቢሆንም ምንም ካለማድረግ ይሻላል።

ከፊት የተቀመጡ አንዲት አያት «ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ልጁን የማሳድገው ግን እኔ ነኝ፤ እናቱ ጅቡቲ ናት። ምን ላድርግ?» ብለው ጠየቁኝ። እማማ፣ እርስዎ ከብዙዎቻችን የተሻለ ዕድል አለዎት። እኛ «አሳየኝ» ስንል ልጁ ምርመራ ይመስለዋል፤ እርስዎ «አስተምረኝ» ቢሉት ይኮራል። ማታ እራት ከተበላ በኋላ አጠገቡ ይቀመጡና «ዛሬ ምን አየህ? ይሄ ሰውዬ ማነው? ከየት ነው የምታውቀው?» ይበሉት። ሥዕሉን ማየት ፊደል አይጠይቅም። ልጁ አንዱን ገጽ ቶሎ ካለፈው፣ ስልኩን ወደ ደረቱ ካስጠጋው፣ እርስዎ ያዩታል፤ ፊቱን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያነቡት ኖረዋልና። ስልኩ ሌሊት የሚያድርበትን ቦታ ደግሞ እርስዎ ይወስኑ፤ ከልጁ ትራስ ሥር ሳይሆን ከእርስዎ ራስጌ ይደር።

በመጨረሻ ስልካችሁን አውጡና ቴሌግራምን አብረን እናስተካክል ብዬ ነበር። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስልክ ቁጥርን ማን እንደሚያይ የሚለውን «ማንም እንዳያይ» አድርጉት፤ ወደ ግሩፕ ማን ሊያስገባኝ ይችላል የሚለውን «የማውቃቸው ብቻ» አድርጉት፤ ከኮዱ ሌላ ፓስወርድ የሚጠይቀውን የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ፤ ከዚያ «መሣሪያዎች» የሚለውን ክፈቱና አካውንታችሁ ከየትኛው ስልክ ላይ እንደተከፈተ ተመልከቱ። አዳራሹ ዝም አለ፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። በየመሐሉ እየዞርኩ ስረዳ አንድ አባት ክንዴን ያዙኝ። ዝርዝራቸው ላይ ሁለት ስልክ አለ፤ አንደኛው በእጃቸው የያዙት ነው። ሁለተኛውን ትኩር ብለው አዩትና ከአራት ወር በፊት እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የሸጡት ስልክ መሆኑን አወቁ። ሲሸጡት ሲም ካርዱን ብቻ ነበር ያወጡት፤ ቴሌግራሙ እንደተከፈተ ነበር የሄደው። ለመጨረሻ ጊዜ ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ ትናንት ማታ ነው ይላል። የቤተሰብ ግሩፑን ከፈቱት፤ የሦስት ልጆቻቸው ፎቶ ወደ ላይ ሲሳብ አያልቅም፤ ትንሿ ልጅ በዩኒፎርም፣ ትንሿ ልጅ በልደቷ፣ ትንሿ ልጅ በዚሁ በትምህርት ቤቱ በር ላይ።

«ስልኩን የገዛዎት ሰው ማነው?» አልኳቸው።

«አላውቀውም» አሉ፤ ከሌሎች መሣሪያዎች ሁሉ አስወጣ የሚለውን እንዲነኩ በጣቴ አሳየኋቸው፤ ነኩት።